ራንቸርኦኤስ ሎጉን የት ያኖራል?

ሊነክስ ላይ አንድ አገልግሎት እምቢ ሲል የሲስተም አድሚን እጅ በልማድ ወደ «ቫር ሎግ» ይሮጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ራንቸርኦኤስ ላይ ግን ይህ ልማድ ሩቅ አያደርስም። እዚህ ከርነሉ እንደተነሳ በሂደት ቁጥር 1 የሚያስጀምረው ዶከርን ነው፤ «ሲስተም ዶከር» ይሉታል። ኔትወርኩ፣ ሰዓት አስተካካዩ፣ ኮንሶሉ፣ ሌላው ቀርቶ ሲስሎግ ራሱ በእሱ ሥር የሚሠሩ ኮንቴይነሮች ናቸው።

ስለዚህ የኔትወርኩን ሎግ የፈለገ «ሱዶ ሮስ ሰርቪስ ሎግስ ኔትወርክ» ብሎ ይጠይቃል። የመጨረሻውን ቃል በ«ኤንቲፒ» ቢተካ የሰዓቱን ያገኛል። የአንዱ ጩኸት ከሌላው አለመደባለቁ፣ ለእኔ፣ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ነው።

ችግሩ ኮንቴይነሮቹ ሳይነሱ የሚፈጠረው ስህተት ነው። ከስሪት 1.1.0 ጀምሮ የማስነሻው ሎግ፣ የፋይል ሲስተሙ ሲዘጋጅ «ቫር ሎግ ቡት» ውስጥ ይገለበጣል። ዲስኩ ራሱ ካልተገኘስ? ያኔ የሚያድነው ኔትኮንሶል የተባለው የከርነሉ መሣሪያ ነው፤ መልእክቱን በቀጥታ በኔትወርክ ካርዱ በኩል ወደ ሌላ ማሽን ይልካል። ራንቸርኦኤስም የራሱን የዲበግ ሎግ አብሮ ይሰድበታል።

አሠራሩ ከማስነሻ መስመሩ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን አይፒ ከነፖርታቸው መጨመር ነው፤ ለምሳሌ ከ192.168.1.20 ወደ 192.168.1.5 ፖርት 514። ሲጫን «አፔንድ» በሚለው አማራጭ፣ በኋላ ከሆነም በ«ሱዶ ሮስ ኮንፊግ ሲስሊነክስ» ይገባል። የላኪው አይፒ የግድ መጻፍ አለበት፤ በዚያ ሰዓት አድራሻ የሚያድል ዲኤችሲፒ ገና አልደረሰም። ማሽኑ ኋላ ሌላ አድራሻ ቢይዝም ግድ የለም።

መልእክቱ የሚሄደው በዩዲፒ ነው። ደረሰ አልደረሰ የሚል ማረጋገጫ የለውም፤ ምስጠራም የለውም። በመውደቅ ላይ ካለ ከርነል ከዚህ በላይ መጠየቅ ይከብዳል፤ ለክፍት ኢንተርኔት ግን ፈጽሞ አይሆንም።

የራንቸርኦኤስ እድገት ዛሬ ቆሟል። ይሁን እንጂ እንደ ታሎስ ያሉ፣ ሼል እንኳ የሌላቸው ሲስተሞችም የከርነል ሎጋቸውን ወደ ውጭ የሚልኩበት የማስነሻ መስመር አላቸው። በየትኛውም ቢሆን ሎጉ አልመጣ ሲል መጀመሪያ የሚፈተሸው ተቀባዩ ነው፦ ኡቡንቱ ላይ የአርሲስሎግ የዩዲፒ መስመሮች ሲጫኑ ጀምሮ በ«#» ተዘግተው ስለሚመጡ፣ ምልክቱን አንስቶ አገልግሎቱን እንደገና ማስጀመር ያስፈልጋል።