ከሕፃናት ጋር በአውሮፕላን ሲጓዙ መቀመጫን መምረጥ፦ የጤና ባለሙያው ምክር

መግቢያ

ከሕፃን ልጅ ጋር ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚዘጋጅ ቤተሰብ ከጉዞው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም መምጣቱ የተለመደ ነው። የሚመጣውም ዘጠኝ ወር የሞላውን ልጅ የቢጫ ወባ ክትባት ለማስከተብ፣ የተጓደለ ክትባት ለማሟላት፣ ወይም ልጁ ጉንፋን ይዞት እንደሆነ መጓዝ ይችል እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። በዚህ አጋጣሚ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ወባና ስለ ምግብ ንጽሕና ምክር ይሰጣል። ልጁ በአውሮፕላኑ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን ጥቂት ነው፤ ጉዳዩ የትኬት ሻጩና የአየር መንገዱ ነው ተብሎ ይተዋል።

ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚደረገውን ያህል ረጅም በረራ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ በጠባብ ስፍራ የሚያሳልፍ ልጅ ሊቃጠል፣ ሊወድቅ፣ ሊታፈን ወይም በአየር መናወጥ ሊጎዳ ይችላል። ከእነዚህ ጉዳቶች አብዛኞቹ ልጁ ከተቀመጠበት ስፍራና ከአቀማመጡ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አስቀድሞ በሚሰጥ ምክር ሊቀነሱ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ልጁ የራሱ መቀመጫ አለውን?

ወላጆች ስለ መቀመጫ ሲያስቡ ቀድሞ የሚታያቸው የመስኮት ወይስ የመተላለፊያ፣ የፊት ወይስ የኋላ የሚለው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ልጁ የራሱ መቀመጫ ይኑረው አይኑረው የሚለው ጥያቄ ነው።

በአብዛኞቹ አገሮች ደንብ መሠረት ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በአዋቂ ጭን ላይ ሆኖ መጓዝ ይፈቀድለታል። በዓለም አቀፍ በረራ የሚከፈልለትም ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከአዋቂው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ የራሱ መቀመጫ ሊኖረው ግዴታ ነው። ብዙ ወላጆች ከዚህ ደንብ ተነሥተው ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭን በቂ ጥበቃ ነው ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው ስሕተት ነው። የሁለት ዓመቱ ወሰን የዋጋና የአሠራር ወሰን እንጂ የልጁ አካል ከአደጋ የሚጠበቅበትን ዕድሜ የሚያመለክት አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ፣ አውሮፕላኑ በድንገት ሲቆም የሚፈጠረው ኃይል ከመሬት ስበት ዘጠኝ እጥፍ ቢደርስ፣ በእናቱ ክንድ ላይ እንደ 90 ኪሎ ግራም ሸክም ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሸክም ባልጠበቀችው ቅጽበት ይዛ ልታስቀር የምትችል እናት የለችም። በብርቱ የአየር መናወጥ ጊዜም አውሮፕላኑ በድንገት ወደ ታች ሲወርድ ያልታሰረ ልጅ ከጭን ተነሥቶ ከጣሪያው ሊላተም ይችላል።

ይህ በተግባር የታየ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 በአሜሪካ አይዮዋ ግዛት ሱ ሲቲ ከተማ የተከሰከሰው የዩናይትድ 232 በረራ 296 ሰዎችን ይዞ ነበር። ከእነዚህ መካከል አራቱ በጭን የተያዙ ሕፃናት ነበሩ። በወቅቱ በነበረው መመሪያ መሠረት ወላጆች ልጆቻቸውን በብርድ ልብስና በትራስ ደግፈው ወለል ላይ እንዲያስቀምጡ ተነገራቸው። ከአራቱ ሕፃናት የአንዱ ሕይወት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሻርለት ከተማ በደረሰው አደጋ ደግሞ በእናቷ ጭን የነበረች የዘጠኝ ወር ሕፃን ሞታለች፤ እናትየው ተርፋለች። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከሱ ሲቲው አደጋ በኋላ ጀምሮ ሕፃናት ሁሉ በራሳቸው መቀመጫ እንዲታሰሩ ሲወተውት ቆይቷል። የአገሪቱ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ግዴታ አላደርግም ብሏል። ያቀረበውም ምክንያት ተጨማሪ ትኬት መግዛት የማይችሉ ቤተሰቦች በመኪና ለመጓዝ ይገደዳሉ፤ በመንገድ ላይ የሚሞተው ደግሞ ይበዛል የሚል ነው። ያም ሆኖ ይኸው አስተዳደርና የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁ በራሱ መቀመጫ ታስሮ ቢጓዝ እንደሚሻል ለወላጆች ይመክራሉ።

ልጁ በመቀመጫው ላይ በምን ይታሰር?

የአውሮፕላኑ ቀበቶ የተሠራው ለአዋቂ ዳሌ ስለሆነ ትንሽ ልጅን በአግባቡ አይዝም። በአሜሪካ የሚሰጠው ምክር የልጁን ክብደት የተከተለ ነው። ከ9 ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን ልጅ ፊቱ ወደ ኋላ በሚዞር የሕፃናት መኪና መቀመጫ ይታሰራል። ከ9 እስከ 18 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ወደ ፊት በሚያይ የመኪና መቀመጫ ይቀመጣል። ከ18 ኪሎ ግራም በላይ የሆነው የአውሮፕላኑን ቀበቶ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው ኬርስ የተባለ ማሰሪያም አለ። ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ተያይዞ ትከሻንና ደረትን የሚይዝ ቀላል ቀበቶ ሲሆን ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ለሚመዝን፣ ራሱን ችሎ ለሚቀመጥ ልጅ ያገለግላል።

የመኪና መቀመጫው በአውሮፕላን ውስጥ እንዲያገለግል የተፈቀደ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ሊኖረው ይገባል። ስፋቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ በአብዛኞቹ የአውሮፕላን ወንበሮች ይገባል። ጀርባ የሌለው፣ ልጁን ከፍ ለማድረግ ብቻ የሚያገለግል የመኪና መቀመጫ አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ አይፈቀድም።

የትኛው ስፍራ ይመረጥ?

የመስኮት ወንበር፦ የመኪና መቀመጫ የሚታሰረው አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት በኩል ነው፤ በአደጋ ጊዜ የሌሎችን መውጫ እንዳይዘጋ ነው። የመኪና መቀመጫ ለሌለው ልጅም መስኮቱ ከመተላለፊያው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሕፃናት የበረራ ጉዳት በታተመ ጥናት ከተመዘገቡት ጉዳቶች መካከል በትኩስ መጠጥና ምግብ መቃጠል ጎልቶ ታይቷል፤ በጭን የተያዙ ሕፃናትም ከተጎጂዎቹ መካከል ብዙ ነበሩ። ሻይና ቡና የሚተላለፉት፣ የምግብ ጋሪው የሚያልፈው፣ ከራስ በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ሻንጣ የሚወድቀውም በመተላለፊያው በኩል ነው። እጁንና እግሩን የሚዘረጋ ሕፃን በጋሪ ሊመታ ይችላል። ስለሆነም በመተላለፊያው በኩል አዋቂው፣ ወደ ውስጥ ልጁ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ከተላላፊ በሽታ አንጻርም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በመስኮት በኩል የሚቀመጡና ከስፍራቸው የማይነሡ መንገደኞች ከሌሎች ጋር ያላቸው ንክኪ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል።

በክንፍ አካባቢ ያለ ወንበር፦ የአየር መናወጥ የሚሰማው በክንፉ አካባቢ በመጠኑ፣ በጅራቱ በኩል ደግሞ በርትቶ ነው። ለሚያስመልሰው ልጅ የክንፉ አካባቢ ይመረጣል።

ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ያለበት ረድፍ፦ በዚህ ረድፍ በግድግዳው ላይ የሚገጠም የሕፃን አልጋ ስለሚገኝ ጥቂት ወራት የሆነው ልጅ ላላቸው ወላጆች ጠቃሚ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ማረፉ፣ ደክማ ባንቀላፋች እናት ክንድ ውስጥ ከመተኛቱ የተሻለ ነው። በበረራ ላይ ስለሚከሰት የሕፃናት ሞት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከሞቱት አብዛኞቹ ከሁለት ዓመት በታች እንደነበሩ ገልጾ፣ ከአዋቂ ጋር ተጣብቆ መተኛት አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አሳስቧል። አልጋው ግን የክብደት ወሰን አለው፤ አስቀድሞ መጠየቅም ያስፈልገዋል። አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ አያገለግልም፤ ቀበቶ እንዲታሰር ምልክት በበራ ቁጥርም በአብዛኞቹ አየር መንገዶች ሕፃኑ ከአልጋው መነሣት አለበት። በዚህ ረድፍ የወንበሩ የእጅ መደገፊያ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ መራመድ ለጀመረ ልጅ መጋደሚያ አይመችም።

የአደጋ ጊዜ መውጫ ረድፍ፦ ለእግር ሰፊ ቢሆንም ልጅ የያዘ ሰው አይቀመጥበትም።

የቤተሰቡ አንድነት፦ የብሪታንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ረድፍ እንዲቀመጡ፣ ካልተቻለም ከአንድ ረድፍ በላይ እንዳይራራቁ ይመክራል። በአደጋ ጊዜ የተለያየ ቤተሰብ ወደ መውጫው ከመሄድ ይልቅ ልጁን ፍለጋ ስለሚመለስ ራሱም ሌላውም ይዘገያል። መታወስ ያለበት ሌላ ነገር በአንድ የወንበሮች ጥምር ላይ ያለው ትርፍ የኦክስጅን ጭንብል ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ሕፃናትን በጭን የያዙ ወላጆች ጎን ለጎን መቀመጥ ላይፈቀድላቸው ይችላል።

ወንበር የማይለውጣቸው ነገሮች

ወላጆች የልጁን ጆሮ የማያሳምም ወንበር የትኛው እንደሆነ ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ወንበር የለም፤ የአየር ግፊቱ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ነው። የልጅ መካከለኛ ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ጠባብና አግድም በመሆኑ ሕመሙ የሚበረታው አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ነው። በዚህ ጊዜ ማጥባት ወይም በጡጦ ፈሳሽ መስጠት ይረዳል።

ስለ ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። የበረራው ክፍል ግፊት ከ2,400 ሜትር ከፍታ እንዳይበልጥ ተደርጎ ይጠበቃል። ይህም 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው አዲስ አበባ ብዙ የራቀ አይደለም። በዚህ ከፍታ ለሚኖር ጤነኛ ልጅ ችግር አይሆንም። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ከተወለደ አንድ ሳምንት ያልሞላው ልጅ ግን ከጉዞው በፊት በሐኪም መታየት ይኖርበታል።

ተጨማሪ መቀመጫ መግዛት ለማይቻላቸው

ለብዙ ቤተሰቦች ተጨማሪ ትኬት ከዐቅም በላይ ነው። ከዓረብ አገር ልጇን ይዛ የምትመለስ ሠራተኛ እናት የራሷን ትኬት ያገኘችው በብድር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችውን እናት ማስፈራራት ወይም መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ የአውሮፕላን አደጋ እጅግ ብርቅ መሆኑ ተነግሯት ማድረግ የምትችለውን ልታውቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚቀድመው፣ የአዋቂውን ቀበቶ እናትንና ልጅን አንድ ላይ አድርጎ ፈጽሞ አለማሰር ነው። ግጭት ቢከሰት የእናቲቱ ሰውነት ልጁን በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል። ቀበቶው የእናቲቱን ዳሌ ብቻ ይያዝ። በአንቀልባ ወይም በነጠላ ማዘልና ማቀፍም በመነሣትና በማረፍ ጊዜ ጥበቃ አይሆንም። በአውሮፓ አየር መንገዶች ከአዋቂው ቀበቶ ጋር የሚያያዝ ተጨማሪ የሕፃን ቀበቶ ይሰጣል፤ በአሜሪካ ግን አይፈቀድም። ይህ ቀበቶ ልጁ በአየር መናወጥ እንዳይወረወር ይረዳል፤ በግጭት ጊዜ ግን የልጁን ሆድ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የበረራ አስተናጋጇ የምትሰጠውን መመሪያ መከተል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ያልተሸጠ ወንበር ካለ ከጎኗ እንዲሰጣት አየር ማረፊያ ስትደርስ መጠየቅ ትችላለች፤ የመኪና መቀመጫ ይዛ ከሆነ ልጇን በዚያ ታስራለች። ሦስተኛ፣ ልጁን በጭኗ እንደያዘች ትኩስ መጠጥ አለመቀበል ነው። አራተኛ፣ እንቅልፍ ሲጥላት ልጁን ለሌላ ነቅቶ ላለ ዘመድ ወይም ለግድግዳው አልጋ መስጠት ነው።

የጤና ባለሙያው የሚጠይቃቸው

ልጅ ይዞ ለጉዞ ከሚዘጋጅ ቤተሰብ ጋር የሚነጋገር ባለሙያ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያቀርብ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድበትም።

የልጁ ክብደት ስንት ነው? በክትባት ቀን የተመዘነው ክብደት የትኛው ማሰሪያ እንደሚስማማው ይወስናል። ልጁ ሁለት ዓመት የሚሞላው መቼ ነው? በጉዞው መካከል የሚሞላው ከሆነ ለመልሱ በረራ የራሱ መቀመጫ ያስፈልገዋል። መቀመጫው ተመርጧል ወይስ ገና ነው? ገና ከሆነ ጎን ለጎን የሆኑ ወንበሮችንና የግድግዳውን አልጋ አሁኑኑ ማስያዝ ይሻላል። ቤተሰቡ በደረሰበት አገር መኪና ይጠቀማልን? የሚጠቀም ከሆነ የመኪና መቀመጫው በአውሮፕላኑም፣ ከዚያ በኋላ በመንገድም ያገለግላል። አየር ማረፊያ ከደረሱ በኋላ ያለው የመኪና ጉዞ ለልጁ ከበረራው የበለጠ አደጋ እንዳለው መዘንጋት የለበትም።

ወላጅ ስለ ልጁ ጉዞ የሚመካከርበት ሌላ የጤና ባለሙያ ላያገኝ ይችላል። ክትባቱን የሰጠችው ነርስ በካርዱ ላይ የልጁን ክብደት ጽፋ የትኛው ማሰሪያ እንደሚስማማው ከነገረችው ወላጁ ወደ ትኬት ቢሮ የሚሄደው ምን እንደሚጠይቅ ዐውቆ ይሆናል።