የመርከብ ሸራ አጠቃለል

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት የሐረር ቡና ለብዙ ዘመን በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ይወርድ፤ ከዚያም በሸራ ጀልባ ባሕሩን ይሻገር ነበር። በባሕሩ ላይ የነጋዴውን ሀብት የሚያሰጋው የነፋስ መጥፋት ብቻ ሳይሆን መብዛቱም ነበር። ስለዚህ ሸራን ከመዘርጋት ይልቅ በጊዜው መሰብሰብ ይበልጥ ብልሃት ይጠይቃል።

የጥንቱ የዓረብ ጀልባ ሸራ በረጅም አግዳሚ እንጨት ላይ የታሰረ ነበር። ነፋሱ ሲበረታ ባሕረኞች እንጨቱን አውርደው ትልቁን ሸራ በትንሽ ሸራ ይለውጡ ነበርና ሥራው ብዙ ጉልበት ይፈጅ ነበር።

በዛሬው የመዝናኛ ጀልባ ግን የፊተኛው ሸራ ከጀልባው አፍንጫ እስከ ምሰሶው ራስ በተወጠረ፣ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ በዘንጉ ግርጌ ባለው ማጠንጠኛ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ሲስብ ሸራው ይሰበሰባል። ዳሩ ግን ሦስት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል።

1ኛ/ ገመዱ ወደ ማጠንጠኛው ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ተጣሞ ከገባ ተደራርቦ ይታነቃል።

2ኛ/ በማጠንጠኛው ላይ ትርፍ ገመድ ይኑር፤ በብርቱ ነፋስ ሸራው ጠብቆ ስለሚጠቀለል ብዙ ዙር ይፈልጋል።

3ኛ/ ሸራው ሲጠቀለል የታችኛው ጫፉ ገመድ ቀስ በቀስ ይላላ እንጂ ጨርሶ አይለቀቅ፤ የላላ ጥቅል በዐውሎ ነፋስ ተፈትቶ ይቀደዳል።

ዘንጉ አልዞርም ቢል በኃይል ከመሳብ በፊት ወደ ምሰሶው ራስ መመልከት ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ በዚያ የተጠመጠመ ገመድ ነውና።

የሐረርና የድሬ ጠያራ ነጋዴ ዛሬ ዕቃውን በካሚዮን ቢጭንም ደንቡ አልተለወጠም፤ ሸራ የሚታሰረው ነፋሱና ዝናቡ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው።