የማኮሌይ «ንግግር» የት ነው ያለው?

ዛሬ የሴሚናር ወረቀት ሳርም ደሜ ፈላ። ርዕሱ ዘመናዊ የህንድ ታሪክ ነው። «አንደኛ ደረጃ ምንጭ» ተብሎ የቀረበልኝ ደግሞ ያ በፌስቡክ የሚዞረው የሎርድ ማኮሌይ የፓርላማ ንግግር! ታውቁታላችሁ፤ ህንድን ዞሬ ለማኝም ሌባም አላየሁም፣ ሕዝቡን ለመግዛት ባህሉንና ትምህርቱን መስበር አለብን የሚለው። «ህንድ» ወጥቶ «አፍሪካ» የገባበትም አለ፤ ቃሉም ቀኑም ያው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ምንጭን ልዩነት እዚህ አልደግምም፤ ፍሬሽ እያላችሁ ተምራችሁታል። በቀጥታ ወደ ዓይነቶቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፦

1. የመንግሥት መዛግብት። የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ፣ ከ1858 ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝ ዘውድ አስተዳደር የጻፉት ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የግብር መዝገብ፣ የፖሊስ ሪፖርት። ዋናዎቹ ክምችቶች ኒው ዴልሂ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። የዴልሂውን ብዙ ፋይል «አቢሌክ ፓታል» የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ስልክ ላይ ይከፈታል!

2. ጋዜጦች። ከ1780ው የሂኪ ቤንጋል ጋዜት ይጀምራል። በአገሬው ቋንቋ ይታተሙ ከነበሩት ብዙዎቹ ጠፍተዋል። የተረፈልን የመንግሥት ተርጓሚዎች ለባለሥልጣናት እየቀነጨቡ ያቀርቡት የነበረው ሪፖርት ነው። ማለትም የምታነቡት ተቆጣጣሪው ያሳሰበውን እንጂ ጋዜጣውን አይደለም።

ቆይ፣ ማኮሌይን ልጨርስ። ንግግሩ ተደረገ የሚባለው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1835 ነው። በዚያ ቀን ሰውየው ፓርላማ ቀርቶ እንግሊዝ አገርም አልነበረም። ካልካታ ነበር፤ የጠቅላይ ገዥው ምክር ቤት የሕግ አባል ሆኖ። ያኔ ከለንደን ህንድ በመርከብ ወራት ይፈጃል። ህንድ ከገባም ገና ዓመት አልሞላውም፤ መቼ ከዳር እስከ ዳር ዞራት?

የሚያናድደኝ በዚያው ቀን የተጻፈ እውነተኛ ሰነድ መኖሩ ነው፤ ስለ ትምህርት ያቀረበው ማስታወሻ። እሱን የሚያነብ የለም። እዚያ ላይ ሳንስክሪትም ዐረብኛም እንደማያውቅ በገዛ ብዕሩ ያምናል። አምኖም ግን የህንድና የዐረብ ሥነ ጽሑፍ በሙሉ አንድ መደርደሪያ ጥሩ የአውሮፓ መጻሕፍት አያክልም ይላል። በደሙና በቀለሙ ህንዳዊ፣ በአስተሳሰቡ እንግሊዛዊ የሆነ መደብ እንፍጠር የሚለውም እዚያው ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ሐሰተኛው ጽሑፍ እኮ ሰውየውን የህንድ አድናቂ ነው ያደረገው!

ፎቶም ምንጭ ነው፤ ግን ፎቶ አይዋሽም የሚለኝ ካለ ፌሊቼ ቤያቶ በ1858 ላክናው፣ ሲካንደር ባግ ያነሳውን ይይ። የፈራረሰ ሕንፃ፣ ፊት ለፊቱ የተበታተነ የሰው አጽም። አጽሙ በአመፁ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር የገደላቸው ህንዳውያን አማፂዎች ነው፤ እልቂቱ የተፈጸመው በኖቬምበር 1857 ነበር። ፎቶ አንሺው ተሸፍኖ የነበረውን አስከሬን ለፎቶ ሲል እንዳስገለጠው በጊዜው የነበረ የእንግሊዝ ባለሥልጣን በትዝታው ጽፏል።

የቃል ታሪክ ደግሞ በተለይ ለ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል የግድ ነው። የመንግሥት ፋይል ስደተኛ ይቆጥራል፤ በክፍፍሉ ግርግር የተጠለፉት ሴቶች ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖሩ ግን አይነግራችሁም። ኡርቫሺ ቡታሊያ ከተረፉት ሰዎች አፍ የሰበሰበችውን በ1998 መጽሐፍ አድርጋ ያወጣችው ለዚህ ነው።

የሕዝብ ቆጠራ፣ ካርታ፣ የግል ደብዳቤ… ሌላ ቀን።

ግን ተማሪው ላይ ብቻ ምን አስጮኸኝ? እኛው መሥሪያ ቤት የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገመገም የማጣቀሻ ብዛት ይቆጠራል እንጂ አንዱንም ከፍቶ የሚያይ የለም። ህዳጉ ግማሽ ሴንቲ ከሳተ ግን «ፎርማት አላሟላም» ተብሎ ይመለሳል። የጆርናሎች ክፍያ ስንጠይቅ በጀት የለም ተባልን፤ በዚያው ሰሞን በሩ ላይ ስለ ጥራት የሚያወራ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። በባነሩ ሥር «ምንጭ፦ ጎግል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ጋውን ለብሶ ፎቶ ተነሳ።