«በርቺ» የምትባለው አስታማሚ

በዓለም ላይ በየዓመቱ 400,000 ገደማ ሕፃናትና ታዳጊዎች በካንሰር እንደሚያዙ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ምክንያቱ ሲጠየቅ በሽታው ዘግይቶ መታወቁና የመድኃኒት እጥረት ቀድመው ይነሳሉ። ሕክምናን ጀምሮ ማቋረጥም ብዙ ልጆችን ይቀጥፋል። ልጁ ለ4 ተከታታይ ሳምንታትና ከዚያ በላይ ከሕክምናው ከቀረ አቋርጧል ይባላል። ልጅ ግን በራሱ አይቀርም፤ የሚቀረው የሚያመላልሰው ሰው ሲያቅተው ነው። የአስታማሚ ጽናት ከመድኃኒቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል የምለውም ለዚህ ነው።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። የሕፃናት ካንሰር ሕክምና በጅማና በጎንደርም ቢጀመርም፣ ዛሬም ብዙ ቤተሰብ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ብሎ አዲስ አበባ ይገባል።

ከወሎ ገጠር ልጇን ይዛ የመጣች እናት እናስብ። ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ልጁ ለምርመራ ደም ይሰጣል፤ ውጤቱ ሲመጣ ነጭ የደም ሴሉ ወርዷል፣ «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላሉ። ሐኪሙ ትክክል ነው፤ ሰውነቱ ሳያገግም መድኃኒቱ ቢሰጠው ልጁን ሊጎዳው ይችላል። ለእናቲቱ ግን ያ ሳምንት የአልጋም የምግብም ገንዘብ አልተያዘለትም። አገር ቤት ደርሶ መመለስ አይታሰብም። በሬው ተሸጧል፣ ሌሎቹ ልጆች ጎረቤት ቤት ናቸው፣ ባሏ እየደወለ «መቼ ነው የምትመጡት?» ይላል። ትኩሳት ከተነሳበት ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል እንድታደርሰው ስለተነገራት ሌሊቱን ግንባሩን ስትዳብስ ታነጋለች። ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ «በርቺ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» ይላታል። ከፍቅር ነው የሚላት። ይህን ከሰማች በኋላ ግን «አቃተኝ» ለማለት አፏ አይፈታም።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር አን ማስተን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መከራ ውስጥ ያደጉ ልጆች ጽናት የጥቂቶች ልዩ ተሰጥኦ አለመሆኑን አስረድተዋል። ምንጩ ተራ ነገር ነው፦ የሚንከባከብ ሰው፣ የሚደግፍ ማኅበረሰብ፣ ችግርን የመፍታት ችሎታ። ለአስታማሚም ይኸው ይሠራል ብዬ አምናለሁ። አሜሪካ ሲያትል ውስጥ 94 የካንሰር ሕሙማን ልጆች ወላጆች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ጭንቀትን መቆጣጠር፣ ግብ ማስቀመጥና ክፉ ሐሳብን ቆም ብሎ መመርመር የመሳሰሉት በሥልጠና እንደሚዳብሩ አሳይቷል። ለየብቻ የሠለጠኑት ጽናታቸው ተሻሽሏል፤ በቡድን የሠለጠኑት ግን ካልሠለጠኑት አልተለዩም። መልካም ውጤት ነው። ቢሆንም የመመለሻ ትራንስፖርት የሌላትን እናት ስለ ጭንቀት አያያዝ ብቻ ማስተማር ሸክሙን መልሶ እሷው ላይ መጫን ይሆናል።

እኛ ዘንድ ይህን ቀድመው የተረዱት ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው በካንሰር ባረፈ ሕፃን መታሰቢያነት ነው። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅትም ከክልል ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎቻቸው ማረፊያ፣ ምግብና ትራንስፖርት ያቀርባል። እዚያ ያለች እናት ኬሞው ያስመለሰውን ልጅ ምን እንደምታበላው ከእሷ በፊት ያለፈችበትን እናት መጠየቅ ትችላለች።

አንድ የሚያሳስበኝ ልማድ አለ። የበሽታው ስም ብዙ ጊዜ ለአባት ወይም ለአጎት ይነገርና እናት «እንዳትደነግጥ» ተብሎ ይደበቃታል። ቀን ከሌት የምታስታምመው እሷ ሆና ሳለ፣ ሕክምናው ለምን እንደሚረዝም፣ ልጁ የተሻለው ሲመስልም ለምን እንደማይቆም የሚነግራት የለም። የልጁ ፀጉር ሲረግፍ መድኃኒቱ እየገደለው መስሏት ወደ ጠበል ብቻ ብትወስደው ሊፈረድባት አይገባም። ጠበሉንም ሕክምናውንም ጎን ለጎን ማስኬድ እንደምትችል ሐኪሙም የንስሐ አባቷም ቢነግሯት ያን ያህል አትጨነቅም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተሙት የሕፃናት ካንሰር የሥነ ልቦና ድጋፍ መመዘኛዎች የወላጆች የአእምሮ ጤናም እንዲታይ ያዛሉ። እዚህ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየቀጠሮው ነርሷ የልጁን ክብደት ስትመዝን እናቲቱንም ትጠይቃት፦ ዛሬ የት ታድሪያለሽ? የሚተካሽ ሰው አለ? እንቅልፍ ይወስድሻል? መልሷም ልጁ ካርድ ላይ ይጻፍ፤ ማደሪያ የላትም የሚል መልስ እንደ ደም ውጤቱ ሁሉ ዕለቱን መፍትሔ ይፈለግለት።