ሪፋይናንስ አዲስ ብድር ነው

አሜሪካ ውስጥ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት የሞርጌጅ ወሬ ከተነሳ አንዱ «ሬት ወርዷል አሉ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍሬዲ ማክ የተባለው የአሜሪካ የሞርጌጅ ተቋም በሚያወጣው ሳምንታዊ መረጃ መሠረት የ30 ዓመት ቋሚ ወለድ አማካይ በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ 2.65 በመቶ ነበር። በኦክቶበር 2023 መጨረሻ ግን 7.79 በመቶ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ቤት የገዛ ሰው ወለድ ወረደ ሲባል ጆሮው ቢቆም አይፈረድበትም።

ችግሩ ያለው ነገሩን በምናስበው መንገድ ላይ ነው። «ወለዴን አስቀነስኩ» ስንል ያው የድሮው ብድር ቀጥሎ ቁጥሩ ብቻ የተቀየረ ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው፦ አዲስ ብድር ትወስዳላችሁ፣ በእሱ የድሮውን ትዘጋላችሁ፣ ሰዓቱም ከዜሮ ይጀምራል። ስለ ሪፋይናንስ የምንሰማቸው አብዛኞቹ የተሳሳቱ ነገሮች የሚመጡት ይህችን በመዘንጋት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው፤ ሲሰላ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። 400,000 ዶላር በ7 በመቶ ለ30 ዓመት ተበደራችሁ እንበል። ታክስና ኢንሹራንስን ሳይጨምር ወርሃዊው ክፍያ 2,661 ዶላር ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 2,333ቱ ለወለድ ይሄዳል፤ ዋናውን ዕዳ የሚነካው 328 ዶላር ብቻ ነው። ይህ የባንኩ ተንኮል አይደለም። ወለድ የሚሰላው ገና ባልተከፈለው ላይ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ያልተከፈለው ሁሉም ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 160,000 ዶላር ትከፍሉና ዕዳው 376,500 አካባቢ ላይ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወለዱ 6 በመቶ ገባ። ቀሪውን ዕዳ እንደገና ለ30 ዓመት ሪፋይናንስ ብታደርጉት ወርሃዊው ወደ 2,257 ይወርዳል። በየወሩ 404 ዶላር! ማንም ደስ ይለዋል። ግን ጠቅላላውን ደምሩት። በድሮው ብድር የቀራችሁ የ25 ዓመት ክፍያ 798,000 ዶላር ገደማ ነበር። የአዲሱ የ30 ዓመት ክፍያ 812,000 ያልፋል። ወለዱ አንድ ሙሉ ፐርሰንት ወርዶ፣ የክሎዚንግ (የብድር ውሉ መዋዋያ) ወጪው ገና ሳይነሳ፣ ከ14,000 ዶላር በላይ ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ።

አትደንግጡ፣ መፍትሔው እዚያው አጠገቡ ነው። አዲሱን ብድር ለ25 ዓመት ስጡኝ ብላችሁ ጠይቁ፤ ክፍያው 2,426 አካባቢ ይሆናል፣ በጠቅላላው 70,000 ዶላር ያህል ይተርፋችኋል። ወይም የ30 ዓመቱን ውሰዱና ያንኑ የለመዳችሁትን 2,661 ዶላር መክፈላችሁን ቀጥሉ፤ ትርፉ ለዋናው ዕዳ እንዲውል ለአበዳሪው አሳውቁ። በሃያ ዓመት ተኩል ገደማ ታጠናቅቃላችሁ። እኔ ይህኛውን አብልጬ እወደዋለሁ፤ አንድ ወር ሥራ ቢጠፋ ወይም ሰው ቢታመም የግዴታው ክፍያ ዝቅ ያለው ነውና። ኑሮ የከበደው ሰው ደግሞ 404 ዶላሩን በየወሩ ለአስቤዛ ቢያውለው ምንም ነውር የለውም። ዋጋውን አውቆ ይምረጥ እንጂ።

«አንድ ፐርሰንት ካልወረደ አትንኩት» የሚለው ምክርም በደፈናው አይሠራም። የ700,000 ዶላር ዕዳ ላለበት ግማሽ ፐርሰንት ትልቅ ገንዘብ ነው፤ 90,000 ለቀረው ግን አንድ ፐርሰንትም ወጪውን ላይመልስ ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ያወጣሁትን በስንት ወር እመልሳለሁ፣ እስከዚያስ እዚህ ቤት እኖራለሁ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ከ404 ዶላሩ ውስጥ በመጀመሪያው ወር ወለድ በእርግጥ የቀነሰው 314ቱ ነው። ቀሪው 90 የመጣው ዋናውን ዕዳ ቀስ ብላችሁ ስለምትከፍሉ ነው፤ ስለዚህ ቁጠባ አይባልም። ወጪው 8,000 ዶላር ቢሆን በ404 ሲካፈል 20 ወር ይመስላል፤ በ314 ግን ከሁለት ዓመት በላይ ነው።

«ክሎዚንግ ኮስት የሌለው ሪፋይናንስ» የሚሉትስ? ቤቱን የሚገምተውም፣ የባለቤትነት መዝገቡን የሚያጣራውም በነጻ አይሠሩም። ወጪው ወይ ዕዳው ላይ ተደምሯል፣ ወይ ከፍ ባለ ወለድ ተሸፍኗል። በሁለት ዓመት ውስጥ ቤቱን ለመሸጥ ለሚያስብ ከፍ ያለውን ወለድ መቀበል ብልህነት ሊሆን ይችላል። ሃያ ዓመት ለሚኖርበት ግን ውድ ነው።

«አንድ ወር ሳትከፍል ታልፋለህ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የጁን 1 ክፍያ የሜይን ወለድ የሚሸፍን ነው፤ ሞርጌጅ ወደኋላ ነው የሚከፈለው። የተዘለለ የመሰለው ወለድ ክሎዚንግ ላይ ተሰልቶ ተወስዷል። ከድሮው ኤስክሮው፣ ማለትም ለታክስና ለኢንሹራንስ ከተጠራቀመው ሒሳብ፣ የሚመለሰው ቼክም የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ አዲሱን ኤስክሮው ስትሞሉ በሌላ እጃችሁ ከፍላችሁታል።

ክሬዲቴ ይወርዳል ብሎ አንድ አበዳሪ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ያሳዝነኛል። በ45 ቀን ውስጥ ለሞርጌጅ ተብሎ የሚደረግ የክሬዲት ምርመራ፣ አምስት ቦታም ብትጠይቁ፣ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው። ከ20 በመቶ በታች ቀብድ ከፍላችሁ ስለገዛችሁ በየወሩ ፒኤምአይ (አበዳሪውን የሚጠብቅ የሞርጌጅ ኢንሹራንስ) የምትከፍሉ ከሆነም፣ በመደበኛ ብድር ላይ እሱን ለማስወገድ ብቻ ሪፋይናንስ ግድ አይደለም። በ1998 የወጣው የፌዴራል ሕግ ዕዳው ቤቱ ሲገዛ ከነበረው ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ ይነሳልኝ ብላችሁ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። በፌዴራል መንግሥት ኢንሹራንስ የተደገፈው የኤፍኤችኤ ብድር ግን በሌላ ደንብ ነው የሚተዳደረው።

አበዳሪዎችን ስታወዳድሩ ሎን ኢስቲሜት የሚባለውን ሦስት ገጽ ወረቀት ከሁሉም ተቀበሉ። አበዳሪው ማመልከቻችሁ በደረሰው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የመላክ ግዴታ አለበት። ሦስተኛው ገጽ ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ስንት እንደምትከፍሉና ከዚያ ውስጥ ዋናውን ዕዳ ስንት እንደሚቀንስ ጎን ለጎን ተጽፏል። ወረቀቶቹን ደርድራችሁ መጀመሪያ እነዚያን ሁለት ቁጥሮች አስተያዩ።

ከፈረማችሁ በኋላ ሐሳባችሁ ቢለወጥም፣ የምትኖሩበትን ቤት ብድር ወደ ሌላ አበዳሪ ያዛወራችሁ ከሆነ ለመሰረዝ ሦስት የሥራ ቀን አላችሁ። ቅዳሜ ይቆጠራል፤ እሑድና የፌዴራል በዓል አይቆጠሩም። ሐሙስ የፈረመ ሰው፣ በመካከል በዓል ካልገባ፣ እስከ ሰኞ እኩለ ሌሊት ድረስ በጽሑፍ መሰረዝ ይችላል።