ቤቱ ያው ነው፣ ቁጥሩ ግን ተለወጠ

የዛሬዋ ጽሑፌ ርዕስ ላይ ላዩን ሲያዩት የምህንድስና ተማሪዎች እንጂ የእኛ የጋዜጠኞች ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን «ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃ»፣ «ካርቦን የቀነሰ ግንባታ» የሚሉ መግለጫዎች ተጽፈው የሚላኩት ለማን ነው? ለእኛው ነው። መግለጫውን ተቀብሎ መገልበጥ ማንንም አያቅትም። «ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽም ቢሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

እኔ ያደግሁት ሱሉልታ ነው። አክስቴ ቡራዩ ትኖራለች፣ ግንበኛው አጎቴ ደግሞ ሰበታ። በሦስቱም ከተሞች የማይገነባበት ቀን የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በኦሮሚያ ክልል ውሳኔ ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ስለዚህ ስለ ሕንፃና ስለ አካባቢ ስናወራ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ከደጃችን አለ።

የሕይወት ዑደት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ቤት አካባቢን የሚጎዳው ሰው ገብቶ መብራት ሲያበራ ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋዩ ከካባ ሲወጣ፣ ሲሚንቶው ሲጋገር፣ ፌሮው ቀልጦ ሲሠራ፣ አሸዋው ሲጫን፣ ሶሌታው ሲሞላ፣ ቤቱ ሲታደስ፣ በመጨረሻም ሲፈርስና ፍርስራሹ ሲደፋ ሁሉም የራሱ ድርሻ አለው። ይህን ከመሬት እስከ መሬት ያለውን ጉዞ በሙሉ ደምሮ መቁጠር የሕይወት ዑደት ግምገማ ይባላል።

ሐሳቡ የተጀመረው ከሕንፃ አይደለም፣ ከለስላሳ መጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የኮካ ኮላ ኩባንያ የትኛው ማሸጊያ ብዙ ጥሬ ዕቃና ኃይል እንደሚፈጅ አስጠንቶ ነበር፤ ብዙዎች የዚህ ዓይነት ጥናት መነሻ አድርገው የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው። ጠርሙስ ሳንመልስ ሌላ ለስላሳ አንሰጥም ሲባሉ ላደጉ ልጆች ጥያቄው እንግዳ አይደለም። በኋላ አይኤስኦ 14040 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1997 ወጥቶ በ2006 ተሻሻለ። በ2011 ደግሞ ኢኤን 15978 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የሕንፃን ዕድሜ በላቲን ፊደላት ከፋፈለው። ኤ ዕቃ ማምረቱ፣ ማጓጓዙና ግንባታው ነው። ቢ የአገልግሎት ዘመኑ ነው። ሲ ማፍረሱ ነው። ዲ ደግሞ ከፈረሰ በኋላ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ነው።

ሶፍትዌሩ ምን ይሠራል?

ሥራው በመሠረቱ ማባዛትና መደመር ነው። ይህን ያህል ኩንታል ሲሚንቶ፣ ይህን ያህል ኪሎ ፌሮ፣ ይህን ያህል ኪሎዋት ሰዓት መብራት ብለን እናስገባለን። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን በአንድ ቁጥር ያባዛል፣ ለምሳሌ አንድ ኪሎ ሲሚንቶ ስንት ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ በሚናገረው ቁጥር። ከዚያ ይደምረዋል። እነዚህ ማባዣ ቁጥሮች የተከማቹበት ቋት ዳታቤዝ ይባላል።

በዓለም ላይ ከሚታወቁት መካከል ከ1990 ጀምሮ ያለው የኔዘርላንዱ ሲማፕሮ፣ የካናዳው አቴና፣ የፊንላንዱ ዋን ክሊክ ኤልሲኤ እና በነፃ የሚገኘው የጀርመኑ ኦፕን ኤልሲኤ ይገኙበታል። ኦፕን ኤልሲኤ ነፃ ቢሆንም ትልቁ የስዊዘርላንድ ዳታቤዝ ኢኮኢንቬንት ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ድስቱን በነፃ ሰጥቶ እህሉን እንደመሸጥ ቁጠሩት።

የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ደግሞ ኤጅ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አለው። ኤጅ ሙሉ የሕይወት ዑደት አይቆጥርም። ኃይልን፣ ውኃንና በግንባታ ዕቃ ውስጥ ያለውን ድርሻ ያያል። ሕንፃው በሦስቱም ከአካባቢው ከተለመደው አሠራር ቢያንስ 20 በመቶ ከቆጠበ የምስክር ወረቀት ያገኛል።

ማሻሻያ ሲመጣ ምን ይለወጣል?

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው። የስልካችን አፕ አፕዴት ሲደረግ መልኩ ይለወጥ ይሆናል እንጂ የባንክ ሒሳባችን አይነካም። የእነዚህ ሶፍትዌሮች ማሻሻያ ግን መልሱን ራሱን ይለውጠዋል። አንድ ጡብ ሳይነካ፣ ያው ቤት በአሮጌውና በአዲሱ ቅጂ ሁለት የተለያየ ውጤት ሊያወጣ ይችላል። ለምን? ቢያንስ ሦስት ምክንያት አለ።

አንደኛው የሳይንሱ መለወጥ ነው። ከከሰል ድንጋይ ማዕድንና ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት እጥፍ ያሞቃል? የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ፓነል በ1995 «21 እጥፍ» አለ። በ2001 «23»፣ በ2007 «25»፣ በ2013 «28» አለ። በ2021 ሪፖርቱ ደግሞ እንደ ሚቴኑ ምንጭ ከ27 እስከ 30 ገደማ አደረገው። ስለዚህ 100 ኪሎ ሚቴን በመጀመሪያው ቁጥር 2,100 ኪሎ፣ በ2013ቱ ደግሞ 2,800 ኪሎ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው።

ሁለተኛው የደንቡ መለወጥ ነው። የግንባታ ዕቃዎችን የሚመለከተው ኢኤን 15804 በ2019 ሲሻሻል ከዛፍና ከሣር የሚመጣው ካርቦን ከነዳጅና ከኖራ ድንጋይ ከሚመጣው ተለይቶ እንዲጻፍ አዘዘ። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። በሰበታ አንድ ፎቅ ሲሠራ ዙሪያውን የሚቆመው መወጣጫ አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ዛፍ አጠና ነው። አጎቴን «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ አጠና በኋላ ምን ይሆናል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ምን ይሆናል! ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሲሰባበር ይነዳል» አለኝ። ዛፉ ሲያድግ ከአየር የወሰደው ካርቦን ሲነድ ተመልሶ ይወጣል፤ በአዲሱ ደንብ ሁለቱም ይጻፋሉ። በውጭ አገር መወጣጫው ብረት ነውና ሶፍትዌሩ ቀድሞ የሚያቀርብልን ምርጫ ስለ አጠናችን ምንም ላያውቅ ይችላል።

ሦስተኛው የአገሩ መረጃ መለወጥ ነው። ዳታቤዙ ስለ አንድ አገር ዕቃ የተለየ መረጃ ከሌለው «የተቀረው ዓለም» የሚል አማካይ ቁጥር ያስገባል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቡራዩ ቤት በዓመት 2,000 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይጠቀማል እንበል፣ ዕድሜውም 60 ዓመት ይሁን። የዓለም አማካይ በኪሎዋት ሰዓት 450 ግራም ገደማ ነው ብለን ብናባዛ 54 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመጣል። የእኛ አገር መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም የዚሁ አካል ነው። ለውኃ ኃይል 30 ግራም ብንይዝ ያው ቤት 3.6 ቶን ብቻ ይሆናል።

አሁን ለቤቱ ግንባታ የዋለው ዕቃ ለምሳሌ 30 ቶን ነው እንበል። በመጀመሪያው ስሌት ጥፋተኛው መብራቱ ነው፤ ባለሙያው «አምፖል ቀይሩ» ይላል። በሁለተኛው ስሌት ጥፋተኛው ሲሚንቶውና ፌሮው ነው፤ ምክሩም «ዕቃ ቆጥቡ» ይሆናል። አንድ ቁጥር ስትስተካከል ምክሩ ተገለበጠ። ያልዘሩት አይበቅልም እንዲሉ፣ ሶፍትዌር የሚመልሰው የሰጡትን ነው።

በነገራችን ላይ መብራት ሲጠፋ በየቤቱ የሚቀጣጠለውን ከሰልም ማስታወስ ይገባል። ፕላኑ ላይ ስለማይሳል ካላስገቡት በቀር በሒሳቡ ውስጥ የለም።

በሱሉልታ የሚያልፈው ሲሚንቶ

የጎጃም መንገድ ሱሉልታን አቋርጦ ወደ ጫንጮ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይታጠፋል። ፋብሪካው ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጭነት መኪኖቹ ሲያልፉ ጭሱንና አቧራውን የሱሉልታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «የሲሚንቶ ጉዳት የቱ ጋ ነው?» ብትሉን እጃችን የሚጠቁመው ወደ መንገዱ ነው። ሒሳቡስ ምን ይላል?

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚደርስ ምድጃ ተቃጥሎ ክሊንከር ሲሆን ነው። ድንጋዩ ራሱ ሲፈርስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። ምድጃው በፀሐይ ኃይል ቢነድ እንኳ ይህ አይቀርም። የነዳጁ ጭስ ሲጨመርበት አንድ ቶን ክሊንከር 850 ኪሎ ያህል ያወጣል ብለን እንያዝ።

100 ኩንታል፣ ማለትም 10 ቶን ኦፒሲ ሲሚንቶ እንግዛ። ከዚህ 95 በመቶው ክሊንከር ከሆነ 8.1 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ጉዞውስ? 10 ቶን በ70 ኪሎ ሜትር፣ ለአንድ ቶን በኪሎ ሜትር 100 ግራም ብንይዝ 70 ኪሎ ብቻ ነው። መኪናው ባዶውን ሲመለስ ብንጨምርበት እንኳ 140 ኪሎ አይበልጥም። ዓይናችን ያየው መኪናውን ነው፤ ሒሳቡ ያሳየው ግን ምድጃውን ነው። ይህ ማለት ግን አቧራው አይጎዳም ማለት አይደለም። አቧራና የአየር ብክለት በሌላ ዓምድ የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ሪፖርት የካርቦኑን ዓምድ ብቻ አውጥቶ የአቧራውን ቢተወው የሱሉልታን ነዋሪ ከሒሳቡ አስወጣው ማለት ነው።

ሁሉም ግንበኛ የሚያውቀው ሌላ ሲሚንቶ አለ፣ ፒፒሲ። በዚህኛው ከክሊንከሩ ከፊሉ በእሳተ ገሞራ አፈር ይተካል። ክሊንከሩ 70 በመቶ ቢሆን የቅድሙ 8.1 ቶን ወደ 6 ቶን ይወርዳል። የሁለት ቶን ልዩነት ከደርባ ድረስ ካለው ጉዞ በ30 እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ሁሉ በፒፒሲ አይሠራም? ፒፒሲ ቶሎ ስለማይጠነክር ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ ይመረጣል፤ ለግንብና ለልስን ግን ፒፒሲ ይበቃል። ሁለቱን በየቦታቸው የሚያውል ግንበኛ ሶፍትዌር ባይከፍትም ካርቦን እየቀነሰ ነው።

ፌሮም እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ጫፉ ሰበታ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ተመርቋል። አንድ ቶን ፌሮ በመኪና 800 ኪሎ ሜትር ቢመጣ 80 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፣ በውኃ ኃይል በሚሄድ ባቡር ከዚያ በጣም ያንሳል። ብረቱን ከማዕድን ጀምሮ ማምረቱ ግን ሁለት ቶን ገደማ ነው። ባቡሩ ይጠቅማል፣ ትልቁ ሸክም ግን ሌላ ቦታ ነው።

የጭቃ ቤትስ? በአጠና፣ በጭቃና በጭድ የቆመው ግድግዳ ካርቦኑ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም በብዙ ሶፍትዌሮች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። አፈር ግን ያለፈበት ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 የአዲስ አበባው የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር ሆኖ «ሱዱ» የተባለ የሙከራ ቤት ሠርቷል። ግድግዳው ከአፈር፣ ወለሉና ጣሪያው በቅስት ከተደረደረ ስስ ጡብ ነው፣ ያውም ፎቅ።

ቤቱ ስንት ዓመት ይኖራል?

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሮቹ ብዙውን ጊዜ የሕንፃን ዕድሜ 50 ወይም 60 ዓመት ብለው ይነሳሉ። የቅድሙ 30 ቶን ለ60 ዓመት ሲካፈል በዓመት ግማሽ ቶን ነው። ቤቱ በ10 ዓመቱ ከፈረሰ ግን በዓመት 3 ቶን ይሆናል፤ ስድስት እጥፍ! በምትኩ የሚሠራው ደግሞ ሌላ 30 ቶን ይዞ ይመጣል።

በእኛ ከተሞች ይህ የወረቀት ሒሳብ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ብዙ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ፈርሰዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ዓመት በጉዳዩ ላይ ሪፖርት አውጥቷል። የሰዎቹ እንግልት ከማንኛውም የካርቦን ቁጥር ይቀድማል፤ በቶንም አይለካም። ነገር ግን ያ ሁሉ ብሎኬትና ፌሮ አንዴ ጭሱን አውጥቶ የተሠራ ነው፤ ሲፈርስ ጭሱ ተመልሶ አይሰበሰብም። የፈረሰው መንደር ላይ «አረንጓዴ» ሕንፃ ሲቆም የቀድሞዎቹ ቤቶች በአዲሱ ሒሳብ ውስጥ አይታዩም፤ ቆጠራው ከባዶ መሬት ይጀምራልና። ይህን ማንም ሶፍትዌር አፕዴት አያርመውም። የሚያርመው የሚጠይቅ ሰው ነው።

እኛስ ምን እንጠይቅ?

ነገ ከነገ ወዲያ ሥራ ላይ ስንሰማራ «ሕንፃችን ካርቦን ቀንሷል» የሚል መግለጫ ሲደርሰን አምስት ጥያቄ በኪሳችን ይኑር። ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው የቀነሰው? በየትኛው ሶፍትዌርና በስንተኛው ቅጂ ተሰላ? የመብራቱና የሲሚንቶው ቁጥር የኢትዮጵያ ነው ወይስ የ«ተቀረው ዓለም»? የቤቱ ዕድሜ ስንት ተብሎ ተያዘ? ቦታው ላይ ከዚህ በፊት ምን ነበር?

በተለይ የሁለት ዓመት ሪፖርቶች ጎን ለጎን ቀርበው «ይህን ያህል አሻሻልን» ሲባል ሁለቱም በአንድ ቅጂ መሰላታቸውን እናጣራ። ካልሆነ የተሻሻለው ሕንፃው ሳይሆን ሶፍትዌሩ ሊሆን ይችላል። መላሹ የቅጂውን ቁጥር ሳይደብቅ ከነገረን ያ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ካልነገረን ደግሞ ዜናችን እዚያው ጋ ይጀምራል።