በገመድ ሲዞር የሚያስቸግር ፈረስ አያያዝ

ለጋሪ ሥራ የሚዘጋጅ ፈረስ አስቀድሞ ከ7 እስከ 8 ሜትር በሚሆን ገመድ ተይዞ በአሠልጣኙ ዙሪያ እየዞረ ትእዛዝ መስማት ይለማመዳል። በዚህ ጊዜ ቢራገጥ፣ ቢፈረጥጥ ወይም አልሄድም ብሎ ቢቆም ብዙዎች ወዲያውኑ አለንጋ ያነሣሉ። ይህ ስሕተት ነው። የሚያመው ፈረስ ሲመታ ይብስበታል፤ ሰውም ይጎዳል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞች የሚከተለውን ለማኅበር አባላት በተግባር ማሳየት ይገባቸዋል።

1. አስቀድሞ አፉን፣ ጀርባውንና ሰኮናውን መመርመር፤ ቁስል ወይም ማንከስ ከታየ ሥልጠናውን አቁሞ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት።

2. ፈረሱ ቆሞ ፊቱን ወደ አሠልጣኙ ቢያዞር፣ አሠልጣኙ ከትከሻው ፊት ቀድሞ ቆሞ ይሆናል፤ ርቀቱን ጠብቆ ወደ ዳሌው አቅጣጫ መመለስ።

3. ቢፈረጥጥ ገመዱን ጠበቅ ላላ እያደረጉ ክቡን ቀስ በቀስ ማጥበብ። ገመድ በእጅ ላይ ፈጽሞ አይጠመጠምም፤ ፈረሱ ሲሮጥ ሰውየውን ይጎትታል።

4. ቢራገጥ እግሩ ከሚደርስበት መራቅ፤ ሳይጮኹ በረጋ ድምፅ ማዘዝ።

5. በቀኝም በግራም እኩል ማዞር፤ በጠቅላላው ከ20 ደቂቃ አለማስበለጥ።

እንደታዘዘ ወዲያው ገመዱን ማላላትና ማሳረፍ ዋጋው ነው። ሜዳ ላይ በገመድ ያልታዘዘ ፈረስ፣ ሰው በጫነ ጋሪ መንገድ ላይ ሲወጣ አይታዘዝም።